ደሴ ላይ ሰሌዳ የሌለው ፖሊሽ ቤት፤ የአጎቴን ቁም ሳጥን ወስደን ምን አገኘን?

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፤ የቸኮለ እዚህ ላይ አንብቦ ይሂድ። የድሮ የእንጨት ዕቃ ካላችሁ፣ ያውም ዋንዛ ከሆነ፣ ያውም በእጅ ፖሊሽ የተደረገ ከሆነ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው ፖሊሽ ቤት ውሰዱት። ዕቃችሁ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ከሆነ አትልፉ፤ ከበር ነው የሚመልሷችሁ። ለሠርግ ወይም ለክርስትና በአስቸኳይ የምትፈልጉት ከሆነም ይቅርባችሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን ያስቀረኋት በቀጠሮ ጉዳይ ነው፤ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ቤቱ ስም የለውም። ሰሌዳም የለውም። ምልክቱ በሩ ላይ የተደረደሩት እግራቸው የወለቀ ወንበሮች ናቸው። እነሱ ባይኖሩም የስፒሪቶው፣ ፖሊሹ የሚሟሟበት አልኮል፣ ሽታ ይመራችኋል። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። የሚሠሩት ከእህታቸው ልጅ ጋር ነው። ልጁ ይፍቃል፣ ያጣብቃል፣ ይሸከማል። ፖሊሹን ግን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካውም።

እኔን እዚያ ያደረሰኝ አጎቴ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አብዬ የምንለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ፖሊሽ ሠሪ ነበር። ከሞተ ቆይቷል። ከሱ የቀረን አንድ ጉርድ ፎቶ፣ አንድ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን፣ አንድ ኮመዲኖ፣ ሌላው ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ አብዛኛው ስለ እጁ ነው። ጣቶቹ ሁልጊዜ ሂና የሞቀ ይመስሉ ነበር ይላሉ። አክስቴ እንደምትለው ሠርግ ቤት ሲጠራ በሎሚና በአመድ ፈትጎ ፈትጎ ይሄዳል፣ ቀለሙ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ሰው ማጉረስ ያፍር ነበር አሉ። የት እንደሠራ፣ ከማን እንደተማረ፣ ስንት ዓመት ከቤት እንደራቀ ብትጠይቁ ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አንዱ አስመራ ይላል፣ ሌላው አሰብ ይላል፣ ሦስተኛው «ኧረ ከደሴ ወጥቶም አያውቅ» ይላል።

የዘመዳችሁን የሥራ ታሪክ መፈለግ ከጀመራችሁ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በወረቀት በኩል ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ፣ ቁጥር 715 ያለው፣ የወጣው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት በሰው ወርክሾፕ በቀን ሒሳብ የሠራ ሰው የጡረታ ማህደር ከየት ይመጣል? የንግድ ፈቃድ ቢገኝም በባለቤቱ ስም ነው እንጂ ፖሊሽ በሚመታው ሰው ስም አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ዘመድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። የኛ ቢጤ ግን ቀበሌ ለቀበሌ ሲንከራተት ይውላል። «ነገ ተመለሺ» ማለት እዚያ ሰላምታ ነው።

ከወረቀት ሁሉ የረዳኝ የእድር መዝገብ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። እድር ሰው አይረሳም፣ ምክንያቱም ገንዘብ አለበት። የአባቴ ሰፈር እድር የድሮውን መዝገብ አልጣለም፤ ጸሐፊው አዛውንት በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። አብዬ ስሙ አለ፣ ከስሙ ጎን «ፖሊሽ» ተብሎ ተጽፏል። ከ1970 እስከ 1973 ድረስ መዋጮውን የፈረመለት አባቴ ነው። ማለትም በነዚያ ዓመታት ደሴ አልነበረም። የት ነበር የሚለውን እድሩ አይጽፍም፤ እድር የሚያስበው ከፈለ አልከፈለ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቀረኝ ማስረጃ ዕቃው ነው። ቁም ሳጥኑ ደግሞ ተጎድቷል። በ2014ቱ ጦርነት የቤታችን ሰዎች ደሴን ለቀው ሲሸሹ ቤቱ ተሰብሮ ነበር፤ የቁም ሳጥኑን በር በብረት ነገር ፈልቅቀውታል። የቀኙ በር ጠርዝ ተገምሷል፣ ማጠፊያው ተነቅሏል፣ ላዩ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ንጹህ አልነበረም። የወሎ ቤት ነዋ! ቡናው ሦስቴ ይፈላል፣ ጀበናው ያገኘው ቦታ ይቀመጣል፣ ኮመዲኖው አናት ላይ የስኒ ክብ በክብ ነው።

መጀመሪያ ወደ ሌላ ቤት ሊወሰድ ነበር። እዚህ ላይ ስም አልጠራም፣ ከተማውንም አልናገርም። የአክስቴን የምግብ ጠረጴዛ ወስደው በማሽን እስከ ነጭ እንጨቱ ፍቀው፣ ጥቁር ቡናማ ቀለም ሰጥተው፣ ላዩ ላይ በኮምፕሬሰር ላከር ነፍተውበት መልሰዋል። ያብረቀርቃል፣ አዎ። ዋንዛው ግን የት ሄደ? የእንጨቱ መስመር አይታይም። ጠረጴዛው ዋንዛ ይሁን ባሕር ዛፍ ለማወቅ ገልብጣችሁ ሆዱን ማየት አለባችሁ። ላከር በራሱ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለቢሮ ዕቃ ጥሩ ነው። በድሮ ሥራ ላይ ሲነፋ ግን የድሮውን ሰው እጅ ጠርጎ ይሄዳል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ያንን እጅ ነበር።

ጋሼን የወደድኳቸው በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆ ወረቀት ስላላነሱ ነው። ዕቃውን አስወርደው ግቢው ውስጥ ብርሃን በጎን የሚመታው ቦታ አቆሙት። ዞሩት። አጎነበሱ። በመዳፋቸው አንዴ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ከዚያ ጣታቸው ላይ የጠቀለሉትን ጨርቅ ስፒሪቶ ነክረው፣ በሩ ከኋላ በኩል ማንም በማያየው ጥግ ላይ ጠብ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው ነኩት። ተጣበቀ።

«ጎማ ላካ ነው፤ ንኪው» አሉኝ።

ነካሁት። ያጣብቃል፤ ጣቴ ላይ ማር የመሰለ ቀለም ቀረ። ይህን ፈተና ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በማይታይ ቦታ ላይ የስፒሪቶ ጠብታ ስታደርጉ ላዩ ከሟሟና ከተጣበቀ፣ የድሮው የእጅ ፖሊሽ ነው። ስፒሪቶው ሳይነካው ቀርቶ ቲነር ካሟሟው ላከር ነው። ሁለቱም ካልበገሩት አዲሱ ዘመን ያመጣው ጠንካራ ቫርኒሽ ነው፤ እሱን ለማንሳት መከራችሁን ነው የምታዩት። የፋርማሲ አልኮል ግን አትጠቀሙ፤ ውሃ አለበት፣ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ጎማ ላካ ከነፍሳት የሚገኝ ነገር ነው። ህንድና ታይላንድ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚኖር ትንሽ ነፍሳት ቅርንጫፉ ላይ የሚተወው ሙጫ ነው፤ ያ ተለቅሞ ይነጠራል፣ ቀጭን ቅርፊት ሆኖ ይሸጣል። የድሮው የሸክላ ዲስክም የሚሠራው ከሱ ነበር። ጋሼ ቅርፊቱን ስፒሪቶ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ሲሟሟ በጨርቅ ያጠሉታል። ብዙ አያዘጋጁም። የቆየ ፖሊሽ አይደርቅም፣ ሁልጊዜ ጣት የሚይዝ ሆኖ ይቀራል። ሥራ የሚያበላሹት ሰዎች አብዛኞቹ በዚህ ነው የሚያበላሹት ይላሉ፤ ዓመት የተቀመጠ ጠርሙስ ከመደርደሪያ እያወረዱ።

አሁን ወደ አብዬ ልመለስ። ጋሼ የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው በሩ ላይ በአግድም ያዙት። «ነጫጩን ነጥብ ታዪዋለሽ?» አሉኝ። አየሁ። የእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ፣ እንደ ጭረት የሚታዩት ትንንሽ መስመሮች ውስጥ፣ ደቃቅ ነጭ ነገር አለ። ዕድሜዬን ሙሉ አቧራ ነው ብዬ የማውቀው ነገር ነው።

ጀሶ ነው። ፖሊሽ ሠሪው የእንጨቱን ቀዳዳ ቶሎ ለመሙላት ጀሶ በውሃ ያራጥብና ቀለም ቀላቅሎ ያሸዋል፤ ሲደርቅ ፍቆ ላዩ ላይ ፖሊሹን ይጀምራል። አዲስ እያለ አይታይም። ዓመታት ሲያልፉ ከፖሊሹ ጋር የገባው ዘይት ይደርቅና ጀሶው ነጭነቱ ይወጣል። ጀሶ የማይጠቀም ሰው ቀዳዳውን በራሱ በፖሊሹ ነው የሚሞላው፤ እጅ በእጅ ላይ፣ ከዚያ ማሳረፍ፣ ከዚያ እንደገና። ያ ሳምንታት ይበላል።

«ይኼ ሰው ሥራ የሚበዛበት ቤት ነው ያደገው» አሉ ጋሼ። «ጀሶ የሚገባበት ቤት ደንበኛ የሚጠብቅበት ቤት ነው። ማስተሩ ቆሞ ‹ቶሎ! ቶሎ!› ይላል።»

ከዚያ ኮመዲኖውን አዩት። ኮመዲኖው ላይ ጀሶ የለም! አንድም ነጥብ የለም። ቀዳዳው የተሞላው በፖሊሽ ብቻ ነው፤ ላዩ በስኒ ክብ ቢበላሽም ጎኑ ሲታይ መስታወት ነው። ኮመዲኖውን አብዬ ለራሱ ቤት የሠራው እንደሆነ፣ ያውም ዘግይቶ፣ አባቴ ነግሮኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታቆሟቸው የአንድ ሰው ሁለት ዘመን ናቸው። አንዱ በሰው ቤት ተጣድፎ የሠራው፣ ሌላው ጊዜው የራሱ ሲሆን የሠራው። የሥራ ደብዳቤ ቢኖረው ኖሮ ይህን አይነግረኝም ነበር።

ትልቁ ነገር የመጣው ልጁ የቁም ሳጥኑን የታች መሳቢያ ሲያወጣ ነው። መሳቢያው ሆድ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። «ጥር 9/68፣ 2 እጅ። ጥር 14፣ 4 እጅ።» ከዚያ የማይነበብ ነገር፣ ከዚያ አንድ መስመር። የአብዬ ጽሕፈት መሆኑን ከእድሩ ፊርማ ጋር አስተያይቼ አረጋግጫለሁ፤ ዘጠኝ ቁጥርን ጅራቷን አጥፎ ነው የሚጽፋት። ጋሼ ሲያዩት ፈገግ አሉ። እሳቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ፖሊሽ ካላረፈ ወደ እንጨቱ ይሰምጣል፣ ስለዚህ መቼ እንዳሳረፉት በማይታይ ቦታ ይጽፋሉ። ለታሪክ ብሎ የጻፈው አይደለም። እንዳይረሳ ነው።

ጥር 68 ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ጋሼ ሲያወሩ ነው። ያኔ እሳቸው ለጋ ተለማማጅ ነበሩ፣ ስፒሪቶ ተላላኪ። ከ1967 በፊት ፖሊሽ የሚያስደርገው ባለ ቤት ነበር፤ የሚከራይ ቤት ያለው፣ ሳሎኑ ውስጥ ቡፌ የሚያቆም ሰው። በ1967 ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ያ ደንበኛ እጁን ሰበሰበ። ቡፌ ማሠራት ቀርቶ ያለውንም መደበቅ መጣ። ወርክሾፖቹ ፊታቸውን ወደ ቢሮ አዞሩ፤ የቀበሌ ጠረጴዛ፣ የማህበር አግዳሚ ወንበር። እሱ ደግሞ ፖሊሽ አይፈልግም፤ አንድ እጅ ቫርኒሽ ከተቀባ በቂ ነው። «ስንቱ ጎበዝ ያኔ ነው የተበተነው፤ አንዱ ቀለም ቀቢ ሆነ፣ አንዱ አገር ለቆ ሄደ» አሉ። የኛ ቁም ሳጥን በዚያ መሀል፣ ለአክስቴ ሠርግ የተሠራ ነው። አብዬ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ከእድሩ መዝገብ የራቀው።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ዘለለ። ምክንያቱም የቁም ሳጥኑ የኋላ ጣውላ የሸቀጥ ሳጥን እንጨት ነው፤ እላዩ ላይ በላቲን ፊደል «አሰብ» የሚል ጥቁር ማህተም አለበት። «በቃ፣ አሰብ ነበር!» አለ። ጋሼ ግን ሳቁበት። በዚያ ዘመን በመርከብ መጥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ ዕቃ በአሰብ በኩል ነው የሚገባው፤ ከአሰብ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ሽቅብ ወደ ደሴ። ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የወደቡ ስም ነው። አናጢ ሁሉ ያንን ሳጥን እየገዛ ለጀርባ ጣውላ ይጠቀምበት ነበር። «እንዲህማ ከሆነ የደሴ ቁም ሳጥን ሁሉ አሰብ ሠርቷል» አሉት። ደግሞም ቁም ሳጥኑ የ68 ነው፣ እሱ የራቀው በ70። ወንድሜ እስካሁን አልተዋጠለትም። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምፈልገው፤ ደንበኛን ለማስደሰት ብሎ ታሪክ የማይጨምር።

አሁን ወደ ሥራው።

የተገመሰውን ጠርዝ በዋንዛ ነው የሞሉት። ስቱኮ አልለጠፉበትም። ከሌላ የድሮ አልጋ የተረፈ ቁራጭ ፈልገው፣ መስመሩ ከበሩ መስመር ጋር እንዲገጥም አዟዙረው፣ በኮላ አጣብቀው፣ ላግተው አስተካከሉት። አዲስ ዋንዛ ነጣ ያለ ነው፣ ከዓመታት በኋላ ነው የሚቀላውና የሚጠቁረው፤ ለዚህ ነው የድሮ ቁራጭ የፈለጉት። ማጠፊያውን ግን ልጁ በአዲስ ብሎን አሰረው፤ ብሎኑ ከድሮዎቹ ጋር አይመሳሰልም፣ ቢጫነቱ ዓይን ይወጋል። ይቺ ትንሽ ቅር አሰኝታኛለች።

ፖሊሹን ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ይፈቅዳሉ፣ በር ዝጊ ብቻ ይላሉ፣ አቧራ እንዳይገባ። ጥጡን በአሮጌ የነጠላ ጨርቅ ይቋጥሩታል። ጨርቁ ስንት ጊዜ የታጠበ መሆን አለበት፤ አዲስ ጨርቅ ክር ይለቃል። ቋጠሮውን ከፍተው ጥጡን በፖሊሽ ያረጥባሉ፣ መልሰው ይቋጥሩና መዳፋቸው ላይ ይጫኑታል፤ ከመጠን በላይ ከወጣ አይጀምሩም። ከዚያ ከቋጠሮው ፊት ላይ አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት። አንድ ብቻ። ዘይቱ ጨርቁ እንዳይያዝ ነው። ከዚያ ከጫፍ ይገባሉ፤ በትንንሹ ክብ፣ ከዚያ በስምንት ቁጥር፣ ከዚያ በረጅሙ ቀጥ አድርገው። እጃቸው ሲገባም ሲወጣም እየሄደ ነው። መሀል ላይ ቢቆም ከሥር ያለው ይላጣል። ስልካቸው ጠራ፣ አላነሱም። አንድ ደንበኛ ገብቶ «አሰላሙ አለይኩም» አለ፣ ሰላምታውን መለሱ፣ ዓይናቸውን አላነሱም፣ እጃቸው አልቆመም። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይከተላቸዋል፤ እሱ ስፒሪቶው ሲተን ነው። ጭጋጉ ከቋጠሮው ኋላ ትንሽ ቆይቶ ከጠፋ መጠኑ ልክ ነው ማለት ነው አሉኝ።

የአብዬን ፖሊሽ አልፋቁትም። ይህ ነው ዋናው። ቆሻሻውንና ያረጀውን ሰም በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አጥበው፣ የተጎዳውን ቦታ ብቻ አስተካክለው፣ አዲሱን ጎማ ላካ በአሮጌው ላይ ነው የመቱት። ጎማ ላካ ከራሱ ጋር ይዋሃዳል፤ አዲሱ ስፒሪቶ የድሮውን ላዩን ለስለስ አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ አሁን ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ መለያያው አይታይም። የተገመሰው ጠርዝ የት እንደነበር አባቴን «አሳየኝ» ብዬ ብጠይቀው ሁለቴ አልፎት ሄደ። ነጫጩ የጀሶ ነጥብ ግን እንዳለ ነው። ጋሼ ቀለም ሰጥቼ ላጥፋው ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ ይቅር አልኩ። የእርሳሱንም ጽሑፍ አልነኩትም፤ ልጁ ሊያጸዳው ጨርቅ ሲያነሳ ጮኹበት።

ዋጋ። በቁጥር አልጽፍም፣ ነገ ይለወጣል፤ ጎማ ላካውም ከውጭ የሚመጣ ነው። ስፕሬይ ቤት ከሚጠይቀው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። አይከራከሩም፣ አይቀንሱም። ደረሰኝ የለም፣ ከፈለጋችሁ በእጅ ጽፈው ይሰጧችኋል። ለኔ ውድ አልመሰለኝም፣ ምክንያቱም ክፍያው የቀለም ሳይሆን የክንድ ነው። አክስቴ ግን «በዚህ ብር አዲስ አይገዛም ወይ?» ብላለች። ይገዛል አክስቴ፤ ቺፑድ።

አሁን ቀጠሮ። ጋሼ «ኢንሻአላህ ሐሙስ» ካሉ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ጠይቁ። እውነቴን ነው። ደጋግሜ ሄጄ «አብሽሪ ልጄ፣ እያረፈ ነው» ተብዬ ተመልሻለሁ። አንዳንዱ መዘግየት ምክንያት አለው። ፖሊሽ እርጥበት አይወድም፤ አየሩ ከረጠበ ላዩ ላይ ነጭ ጉም ይይዛል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌና ነሐሴ ከጦሳ የወረደው ጭጋግ ሳሎን ድረስ ይገባል። ስለዚህ በክረምት ይፍቃሉ፣ ይጠግናሉ፣ የመጨረሻውን እጅ ግን ፀሐይ ሲመጣ ነው የሚመቱት። ኮምቦልቻ ወረድ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አያስቸግርም ይላሉ። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ግን እኮ በኅዳር ጠራራ ፀሐይም ዘግይቷል! ደውሎ «አልደረሰም» ማለት ምን ይከብዳል? የመኪና ኪራይ ከፍዬ መጥቼ ባዶ እጄን ስመለስ ማን ይክሰኛል? አንዷ ኮከብ የቀረችው እዚህ ላይ ነው፣ እስኪሻሻሉም አልመልሳትም።

ሌላው ጉድለት ቦታው ነው። ጠባብ ነው። የሰው ዕቃ በሰው ዕቃ ላይ ተደራርቧል። የኛን ኮመዲኖ ላይ የሌላ ሰው መሳቢያ ተጭኖ አግኝቼ ተናግሬያለሁ፤ ወዲያው አነሱት። ዕቃችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በሁሉም በኩል ፎቶ አንሱ። ማጠፊያና ቁልፍ ነቅላችሁ በላስቲክ አስራችሁ ስጡ።

ከወሰዳችሁ በኋላ ስላለው አያያዝ ልንገራችሁና ልጨርስ፤ ሰው በዚህ ይጣላቸዋል፣ እሳቸው ጥፋት የለባቸውም። ጎማ ላካ ሁለት ጠላት አለው፣ ሙቀትና አልኮል። የጋለ ጀበና ከተቀመጠበት ነጭ ክብ ይሠራል፤ አረቄ ከፈሰሰበት ይሟሟል። ምንጣፍ ወይም ማስቀመጫ ጣሉበት፣ ወይም ረከቦቱን መሬት አድርጉ እንደ ወጉ። ነጩ ክብ ከመጣ አትደንግጡ፣ ቶሎ ካመጣችሁት በትንሽ ስፒሪቶ ጠረግ አድርገው ያነሱታል፤ ውስጡ የገባውን እርጥበት ነው የሚያወጡት። በእርጥብ ጨርቅ አትወልውሉ። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ በቂ ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የሚረጭ ማብረቅረቂያ ጋሼ አይወዱትም፤ ውስጡ ያለው ነገር በኋላ አዲስ ፖሊሽ አልይዝ ይላል።

የዘመድ ታሪክ ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር። ዕቃውን ከመውሰዳችሁ በፊት ራሳችሁ ገልብጡት። የመሳቢያ ሆድ፣ የበር ጠርዝ፣ የጀርባ ጣውላ፣ ከመደርደሪያ ሥር። እርሳስ፣ ማህተም፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ምንም ይሁን ፎቶ አንሱ። እድራችሁ የድሮ መዝገብ እንዳለው ጠይቁ። ጋሼ ከወደዳችሁ ሻይ አስመጥተው ያወሯችኋል፤ ካልወደዷችሁም ዕቃውን ያወሩታል፣ እናንተ ጆሯችሁን አቅርቡ።

የአብዬ ከ1970 እስከ 1973 ያለው ገና ክፍት ነው። ጋሼ በዚያን ጊዜ አሰብ ወርደው ቀለም የሠሩ፣ አሁን ሐይቅ የሚኖሩ አንድ ሰው አውቃለሁ ብለውኛል፤ ለመጠየቅ ቀጠሮ ይዘናል፣ ኢንሻአላህ ሐሙስ። ኮመዲኖው እዚያው ነው፣ ተራው አልደረሰም።

አድራሻውን ለምትጠይቁ፦ ሰኞ ገበያ ደርሳችሁ «ፖሊሽ የሚሠሩት ሽማግሌ» በሉ፤ ሕፃን ያሳያችኋል። ሰኞ ቀን ገበያው ስለሚጠብ መኪና ይዛችሁ አትግቡ። ጁምዓ ከሰዓት ዝግ ነው። ስልክ አያነሱም፤ በአካል ሂዱ፣ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።